ዓላማ፦ እንዲያው

አቤቱታ አይደለም፤ ክስም አልነበረ፤
አንድ ገጽ ማመልከቻ፣ ኪሴ ውስጥ ያደረ፦
«ከፒያሳ ቁልቁል፣ ከሙራድ ሱቅ እስከ ድልድዩ ጫፍ፣
እሑድ ለግማሽ ቀን መኪና እንዳያልፍ፤
ድንኳኑ የእድር፣ ወንበሩ የእድር፣
ድምፅ ማጉያው አንድ፣ እሱም በብድር።»

ጸሐፊ ነኝና፣ የእድሩ ጸሐፊ፣
ደመወዝ የሌለው፣ ስድብ አስተላላፊ፣
ሰኞ በማለዳ መስኮት አራት ቆምኩኝ፤
ከፊቴ ሰባት ሰው፤ ቆጠርኩ፣ ደጋገምኩኝ።

«ሰፈር?» አለች ልጅቷ፣ ቀና ሳትል ከቅጿ።
«እሪ በከንቱ» አልኳት። ፈካ አለ ገጿ።
እኔም ፈገግ አልኩኝ፤ ስንቱን አስቆታል፣
ስማችን ከእኛ ፊት ቀድሞን ይሰለፋል።
«ዓላማ?»
       «እንዲያው ነው።»
              «እንዲያው ምን?»
                     «አብሮ መዋል፣
መተያየት ብቻ፤ ከተያየን ቆይቷል።»
ቅጹን አዞረችልኝ፤ ሰርግ አለ፣ ሐዘን አለ፣
ስብሰባ፣ ምርቃት፣ ንግሥ፣ ሁሉም አለ፤
እንዲያው የሚል ሳጥን ግን ቅጹ ላይ የለ።
«ከእነዚህ ይምረጡ፤
ወይም ነገ ይምጡ።»

ነገ መጣሁ፤ ኃላፊው ስብሰባ ገብተዋል።
በማግስቱ መጣሁ፤ ሲስተሙ ወድቋል።
ሐሙስ ትራፊክ ሄድኩ፤ «ደንቦች ይጠየቁ»፤
ደንቦች ጋ፤ «ፖሊሶች ጉዳዩን ይወቁ»፤
ፖሊስ ጣቢያ፤ «ጋሼ፣ እኛ ምን ቸገረን፣
የወረዳው ማህተም ብቻ እጃችን ቢኖረን።»
አርብ ማታ የጫማዬ ተረከዝ ለቀቀ፤
ማመልከቻው ራሱ እጥፋቱ ላይ አለቀ።

ያን ማታ ሙራድ ደጅ ተሰበሰብንና፣
ሐጂ ሸምሱ ጀመሩ፣ ጉሮሮ ጠረጉና፦
«ሰው የሞተብን ቀን ፈቃድ ማን ያወጣል?
ድንኳን በሌሊት ነው፤ መንገዱ ይዘጋል፤
ሾፌሩም ጥሩንባ ሳይነፋ ይዞራል።
ለሬሳ ያልጠየቁት ለሳቅ ይጠየቃል?»
እትዬ የንጉሥነሽ፣ ሰማንያ ያለፋቸው፣
እጃቸውን አወጡ፣ ኮስተር ብሎ ፊታቸው፦
«ጻፍ እንግዲህ፣ ልጄ፤ የኔ ቀን ደርሷል፤
ሰኞ ቢጠይቁህ፦ ትንሽ ተሽሏታል።»

ሳቅን። ግን አልጻፍኩም። የእድር ጸሐፊ ነኝ፤
ስም እሰርዛለሁ፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን፣ መስኮቱ ሊዘጋ፣
ገፋ አረገችው ወረቀቱን እኔ ጋ።
ከስምንት እስከ አስራ አንድ፤ ማህተሙ ገና እርጥብ፤
ከዓላማው ፊት ለፊት የእጅ ጽሕፈቷን ሳነብ፣
«ልዩ ልዩ» ይላል።
«ከታች ነበር» አለች፤
ቀና አላለችም፤ መስኮቱን ዘጋች።

እሑድ። ድንኳኑ ቆመ፤ ያው የለቅሶው ድንኳን፤
ሌላ ከየት ይምጣ? እሱን ብቻ ነው ያለን።
ጎማ ደርድረን ዘጋን፤ ልጆች ኖራ ይዘው
ሜዳ አሰመሩበት፣ አስፋልቱን ከፍለው።
ሙራድ ለስላሳ አወረደ፣ «ዱቤ ነው» እያለ፣
ማን ስንት እንደጠጣ ከወዲሁ እየማለ።
ሟቿ የንጉሥነሽ፣ ከፊት ተቀምጠው፣
ዳኛውን ይሰድባሉ፣ ሙዛቸውን ልጠው።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ከድልድዩ ዘልቃ፣
አንዲት ሴት ደረሰች፣ ነጠላ አዘቅዝቃ፤
እንባዋ ቀድሟታል፤ «ማነው? ማነው የሞተው?»
ኳሱ ቆመ።
       «ማንም።»
              «ታዲያ ይሄ ምንድነው?»
«እንዲያው» አልኳት።
              «እንዲያው?»
ድንኳኑን አየችው፣
የኖራውን መስመር፣ ሳህኑን አየችው፤
ነጠላዋን ገልብጣ ጥለቱን መለሰችው።
ወንበር አቀረብን። በመዳፏ ጉንጯን
ጠራረገችና፣ ዘርግታ እግሯን፦
«በሉ ይሄ እንባ ተቀምጦ ይቆየኝ፤
እስከዚያው ከዳቦው ትንሽ አቅምሱኝ።»

ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ። ጎማውን ማንም አልነካም።